ጠቅታው ጠፋ፣ ጉልበቱም አብሮ ጠፋ፦ ስለ ጀልባ ሞተር ቫልቭና ሞላ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ላንጋኖ ላይ የሚነዷት ፈጣን ጀልባ አለቻቸው። ሞተሯ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 5.7 ሊትር፣ ካርቡራተር ያለው መርክሩዘር ነው። ክረምቱን ቆማ ከርማ መስከረም ላይ ሲያስነሷት ከሞተሩ አናት “ጠቅ ጠቅ” የሚል ድምፅ ሰሙ። መካኒክ የቫልቭ ክዳኖቹን ከፍቶ ሮከሮቹን (ቫልቮቹን ገፍተው የሚከፍቱትን ክንዶች) አጠበቀላቸው፤ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ግን ድሮ በደቂቃ 4,400 ዙር ትደርስ የነበረችው ጀልባ 3,700 ላይ ታፍና ትቀራለች፣ ካርቡራተሯም ያስነጥሳል። በትሬለር ጭነው አዲስ አበባ ሲያመጧት አንዱ ጋራዥ “ቫልቩን እንደገና እናስተካክል” አላቸው። ሌላው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) ለካና ስምንቱም ሲሊንደሮች ከ105 እስከ 112 ፒኤስአይ ስላሳዩት፣ “መጽሐፉ 150 ይላል፣ ቫልቮቹ ተቃጥለዋል፣ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ አናት) ወርዶ 16ቱም ይቀየሩ” አላቸው። “የቱን ልመን? ወደፊትስ ይህን ክፍል በስንት ጊዜ ላስፈትሽ?” ይላሉ።

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ገና አይመኑ። ከሁለቱም በፊት መለካት ያለበት ነገር አለ፤ እሱም የቫልቩ ሞላ፣ ማለትም ቫልቩን መልሶ የሚዘጋው ጥምዝ ሽቦ ነው። ተክለሃይማኖት አካባቢ ባለው ሥራ ቤቴ ቴስታታ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አብዛኛው የመኪና ነው፣ የጀልባ በዓመት ጥቂት ይመጣል። ከመጡልኝ የጀልባ ቴስታታዎች መካከል ግን ሞላው ተለክቶ የመጣ አንድም አላስታውስም። ቫልቩን ሁሉም ያየዋል፣ ድምፁንም ሁሉም ይሰማዋል። ሞላው ግን ሳይሰበር ቆሞ እስከታየ ድረስ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል።

በመጀመሪያ ስለዚያ ጠቅታ ላስረዳዎት። የእርስዎ ሞተር ታፔት በዘይት የሚሠራ ነው፤ ታፔት ማለት ካምሻፍቱ (ጉብታ ያለው ተሽከርካሪ ዘንግ) ሲገፋው ፑሽ ሮድ በሚባለው ቀጭን ዘንግ በኩል ሮከሩን የሚያነሳው ክፍል ነው። በውስጡ ትንሽ ፒስተን አለች፤ ከሥሯ የሚገባው ዘይት ወደ ላይ ይገፋትና በታፔቱ፣ በፑሽ ሮዱ፣ በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል ክፍተት እንዳይኖር ታደርጋለች። ሞተሩ ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ ሲቆም፣ ቫልቫቸው ተከፍቶ የቆመባቸው ጥቂት ታፔቶች በሞላው ጫና ዘይታቸውን ቀስ በቀስ ያንጠባጥባሉ። መስከረም ላይ ሲነሳ ባዶ ናቸውና ይንኳኳሉ። ዘይቱ ሞቆ እስኪሞላቸው ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ነበር የሚገባው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ የዘይት ግፊቱም ደህና ሆኖ ድምፁ ካልጠፋ፣ ያኔ ክዳኑ ይከፈታል።

ሮከሩን ማጥበቅ ድምፁን ያጠፋል፤ ትንሿን ፒስተን ወደ ታች ስለሚጫናት ነው። በዝግታ ሲነዱ ታፔቱ ራሱን ስለሚያስተካክል ምንም አይታወቅም። ዙሩ ሲጨምር ግን፣ ሞላው ከደከመ፣ ቫልቩና ሮከሩ የካምሻፍቱን ቅርጽ መከተል ያቅታቸዋል፤ ለቅጽበት ይላቀቃሉ። ያን ጊዜ ታፔቱ የተፈጠረውን ክፍተት በዘይት ይሞላዋል፣ ፒስተኗም ወደ ላይ ትወጣለች። አስቀድማ ብዙ ወደ ታች ተጭና ከነበረ ደግሞ የምትወጣበት ቦታ ብዙ ነው። ቫልቩ ሊዘጋ ሲመለስ መቀመጫው ላይ አይደርስም። ክፍት የቀረው የመግቢያ ቫልቭ ከሆነ እሳቱ ወደ ካርቡራተሩ ይመለሳል፤ ማስነጠሱ ይህ ነው። ስለዚህ እኔ የምጠረጥረው የሁለት ነገር መደራረብን ነው፦ የደከመ ሞላ፣ በላዩ ላይ ከልክ ያለፈ ማጥበቅ። የመጀመሪያው ጋራዥ ቫልቩን እንደገና ቢያስተካክል ግማሹን ይፈታልዎት ይሆናል፤ ሞላው ግን እዚያው ይቀመጣል።

የመኪና መካኒኮቻችን ይህን የሚስቱት በእውቀት ማነስ አይደለም፤ የለመዱት ሥራ ሌላ ስለሆነ ነው። እንጦጦን የሚወጣ መኪና ዳገቱ ሲያልቅ ያርፋል፣ ማርሽ ይቀየርለታል፣ ቁልቁለት ላይ ይንሸራተታል። ጀልባ ግን ሁልጊዜ ዳገት ላይ ናት። ውሃው ከፊቷ ነው፣ ነዳጁን ሲቀንሱ ወዲያው ትቆማለች፣ የምትቀይረው ማርሽም የላትም። በ4,000 ዙር እያንዳንዱ ቫልቭ በደቂቃ 2,000 ጊዜ፣ በሰከንድ 33 ጊዜ ይከፈታል። በ100 ሰዓት 12 ሚሊዮን ጊዜ ማለት ነው። ሞላው ሊመልሰው የሚገባው የግፊት ኃይል ደግሞ ከዙሩ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በካሬው ነው የሚያድገው። ከ4,000 ወደ 5,000 ሲወጡ ዙሩ በ25 በመቶ ሲጨምር ጫናው በ56 በመቶ ይጨምራል። ጀልባዋ ማዕበል ዘላ ፕሮፔለሩ ከውሃ ሲወጣ ሞተሩ በቅጽበት ሽቅብ ይጮሃል። ብዙ ጊዜ ሞላን የሚጨርሰው ያች ቅጽበት ናት።

አሁን ወደ ኮምፕሬሽኑ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ገንዘብዎን ማዳን እፈልጋለሁ። መጽሐፉ የሚጽፈው ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ ለሚለካ ሞተር ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊትም የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ከመነሻው ስስ ነው። በባሕር ዳርቻ 150 የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር፣ ምንም ሳይበላሽ፣ ለገሃር ላይ ቆሞ ቢለካ 112 አካባቢ ነው የሚያሳየው። የእርስዎ ስምንቱ ሲሊንደሮች ከ105 እስከ 112 ከሆኑ ያ ሞተር አልተቃጠለም። መለኪያውን ማንበብ ያለብን እርስ በርስ በማነጻጸር ነው፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ሲወርድ ነው የሚያሳስበው። እርግጠኛ ለመሆን ሲሊንደሩን ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው በሚቆሙበት ቦታ አድርጎ በካንዴላው ቀዳዳ አየር መንፋትና ማዳመጥ ነው። አየሩ በካርቡራተሩ ከወጣ የመግቢያው፣ በጭስ ማውጫው ከወጣ የመውጫው ቫልቭ ያፈሳል። በዘይት መሙያው ከወጣ ነገሩ የፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ይህ ምርመራ ከፍታ አያታልለውም። እውነቱን ለመናገር፣ በከተማችን በዚህ ስህተት ብቻ ስንት ጤነኛ ቴስታታ እንደወረደ ሳስብ ያመኛል።

ሞላውን ለመለካት ቴስታታውን ማውረድ አያስፈልግም። ፒስተኑን ጫፍ ላይ አድርገው፣ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) እንዳይዞር አጥብቀው ይዘው፣ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ይነፋሉ፤ ቫልቩ በአየሩ ተደግፎ አይወድቅም። የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ መድፈን እንዳይረሱ። የቫልቩን አንገት የሚይዙት ሁለቱ ግማሽ ቀለበቶች ከጣት ካመለጡ ቀጥታ ወደ ዘይቱ ቋት ነው የሚሄዱት። ከዚያ ሞላውን በመጫኛው ጨምቆ፣ ቀለበቶቹን በማግኔት አንስቶ ማውጣት ነው። ከወጣ በኋላ በቤንዚን አጥበው፣ አድርቀው፣ መብራት ሥር ያዙሩት። ጥፍርዎን በሽቦው ላይ እያስሄዱ ይዳስሱ። ብርቱካንማ ነጥብ ካዩ፣ ወይም ጥፍርዎ የሚይዘው ሻካራ ነገር ካገኙ፣ መለካትም አያስፈልገውም፤ ይጣል።

ይህን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሐይቅ ዳር መዝናኛ የመጣ ሞተር ከፈትኩ። አንድ ሞላ ተሰብሮ፣ ቫልቩ ወደ ውስጥ ወድቆ፣ ፒስተኑን ቀጥቅጦ፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ሰንጥቆት ነበር። የተሰበረውን ሞላ አስቀርቼዋለሁ፤ ለማስተምራቸው ልጆች አሳያቸዋለሁ። ስብራቱን በማጉያ ሲያዩት ፊቱ አመድማ ነው፣ መስመሮቹ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተዋል፣ ሁሉም መስመሮች ከአንድ ጥቁር ነጥብ ይነሳሉ። ያች ነጥብ ከሰናፍጭ ቅንጣት የማትበልጥ የዝገት ጉድጓድ ናት። ያ ሞተር ከመሰበሩ በፊት ምንም ድምፅ አላሰማም ነበር። ባለቤቱ ዘይት በወቅቱ ይቀይሩ የነበሩ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ሞላ የሚባል ነገር መፈተሽ እንዳለበት ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ዝገት ከሌለው ወደ ልኩ ይሂዱ። በዚህ 5.7 ሊትር ሞተር የፋብሪካ ሞላ፣ ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ የሚቆምበት ቁመት 43.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ ወደ 36 ኪሎ መግፋት አለበት። እስከ 32.3 ሚሊ ሜትር ሲጨመቅ ደግሞ ወደ 88 ኪሎ። ከዚህ በ10 በመቶ ከቀነሰ ጊዜው አልፏል። የሞላ መለኪያ ማሽን ያለው ሬቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍሎችን በማሽን የሚያድስ) ካላገኙ የሰው ክብደት ሚዛን ከቋሚ መሠርሰሪያ ሥር ማስቀመጥ ይቻላል። የመሠርሰሪያውን መሰኪያ ከሶኬት ነቅለው፣ ከሞላው በላይና በታች ጠፍጣፋ ብረት አድርገው፣ በእጀታው ቀስ ብለው ይጫኑ። ቁመቱን በካሊፐር፣ ክብደቱን በሚዛኑ ያነባሉ። የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ ሞላ ካመለጠ ምሕረት የለውም። 16ቱንም ቁጥር ሰጥተው ውጤቱን ይጻፉ። ከ16ቱ ሦስት አራቱ ደክመው ከተገኙ ሁሉንም ይቀይሩ፤ አብረው የሠሩ ናቸውና የቀሩትም መንገድ ላይ ናቸው። ለበለጠ ጉልበት የተሠራ ሌላ ካምሻፍት ያለው ሞተር ከሆነ እነዚህን ቁጥሮች አይጠቀሙ፤ የዚያ ሞላ ልክ ከካምሻፍቱ ጋር ነው የሚመጣው።

የሞላው ሥራ ካለቀ በኋላ ነው ማስተካከሉ። በመጀመሪያ ሮከሩ የተሰቀለበትን ብሎን ይመልከቱ። ትከሻ ያለውና ዳዶው እዚያ ደርሶ የሚቆም ዓይነት ከሆነ ማስተካከያ የለውም፤ በተወሰነለት ቶርክ (የማጥበቅ ኃይል) ይጠብቃል፣ አለቀ። የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ 1 ቁጥር ሲሊንደርን በኮምፕሬሽን ጫፍ ላይ (ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ ላይ በደረሰበት) ያቁሙ። በዚህ ቦታ የ1፣ 3፣ 4 እና 8 መውጫ፣ የ1፣ 2፣ 5 እና 7 መግቢያ ቫልቮች ይስተካከላሉ። ኮሎውን አንድ ሙሉ ዙር አዙረው የ2፣ 5፣ 6 እና 7 መውጫ፣ የ3፣ 4፣ 6 እና 8 መግቢያ። ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አላልተው ይጀምሩ፤ ከዚህ በፊት የተጠበቀው ምን ያህል እንደሆነ አናውቅምና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። ፑሽ ሮዱን በጣት እያሽከረከሩ፣ መሽከርከሩ እስኪያቅት ማጥበቅ የተለመደ ነው። በዘይት የራሰ ዘንግ ግን ክፍተቱ ካለቀ በኋላም ይሽከረከራል፤ “አሁን ያዘ” ሲሉ ምናልባት ግማሽ ዙር አልፈዋል። ዘንጉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት። መጀመሪያ ላይ ትንሽ “ጭቅ ጭቅ” ይላል። በሌላኛው እጅ ዳዶውን በጣም በዝግታ ያጥብቁ። ያ ንቅናቄ የጠፋበት ቅጽበት፣ እዚያው ላይ፣ ዜሮ ነው። ከዚያ በኋላ በፋብሪካ ሞተር ላይ እኔ የምሰጠው ሦስት አራተኛ ዙር ነው፤ አንድ ሙሉ ዙርም የሚፈቀድ ነው። ከዚያ ማለፍ ግን ሞተሩን ወደ አሁኑ ችግርዎ መመለስ ነው።

ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ሌላም ነገር ይመልከቱ። ፑሽ ሮዶቹን አውጥተው መስታወት ላይ ያንከባሉ፣ የጎበጠው ወዲያው ይለያል። ሲመልሷቸው እያንዳንዱ ወደነበረበት ይግባ፤ ካርቶን ላይ 16 ቀዳዳ በስተው በተራ መሰካት ይበቃል። የእያንዳንዱን ቫልቭ የመክፈት ልክ በዳያል መለኪያ አንብበው መግቢያውን ከመግቢያ፣ መውጫውን ከመውጫ ያነጻጽሩ። አንድ መውጫ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ የካምሻፍቱ ጉብታ ተበልቷል። ያም ራሱ ካርቡራተርን ያስነጥሳል፤ የተቃጠለው ጋዝ መውጫ ሲያጣ በመግቢያው ይመለሳልና። የካንዴላ ሽቦዎችንም ሳያዩ አይለፉ። የዚህ ሞተር የማቀጣጠል ተራ 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው፤ 5 እና 7 ጎን ለጎን ሆነው ተከታትለው ስለሚቀጣጠሉ ሽቦዎቻቸው ተጣብቀው ከሄዱ አንዱ የሌላውን ብልጭታ ይሰርቃል።

አየር ሲነፉ ቫልቭ ማፍሰሱ ከታወቀና ቴስታታው የግድ ከወረደ ለሬቲፊካው ባለሙያ ይህን ይንገሩት፦ የመቀመጫው ስፋት ለመግቢያ ከ0.8 እስከ 1.6፣ ለመውጫ ከ1.6 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር። የመውጫው ሰፋ የሚለው ሙቀቱን ወደ ቴስታታው የሚያስተላልፈው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። ለውበት ብሎ የሚያጠብ ሰው አጋጥሞኛል፤ በመኪና ላይ ዓመት ይቆያል፣ ሙሉ ጉልበት በምትነዳ ጀልባ ላይ ግን ያ ቫልቭ ይቃጠላል።

ስለ ዕቃ። ይህ ሞተር መሠረቱ የሼቭሮሌት ስለሆነ ሱማሌ ተራ ዞረው ቫልቭና ታፔት ሊያገኙ ይችላሉ፤ ክፋት የለውም። ጓርኒሲዮኑን (የቴስታታውን ማሸጊያ) ግን የመኪና አይግዙ፤ የጀልባው ዝገት እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ነው፣ የሐይቁ ውሃ በቀጥታ በሞተሩ ውስጥ ያልፋልና። የመኪና የውድድር ካምሻፍት ደግሞ ፈጽሞ እንዳያስገቡ። እንዲህ ያለው ካምሻፍት መግቢያውንና መውጫውን አብረው ለረጅም ጊዜ ክፍት ያደርጋቸዋል። በመኪና ላይ ጭሱን ትንሽ ወደ ኋላ ቢስብ ጉዳት የለውም፤ የጀልባ ጭስ ማውጫ ግን ውሃ የሚረጭበት ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ያን እርጥበት ወደ መውጫ ቫልቮቹ ይስበዋል፣ መቀመጫው ይዝጋል፣ ቫልቩም ይጣበቃል።

በስንት ጊዜ ላሉት፦ ዘይትና ፊልትሮ በ100 ሰዓት ወይም በዓመት አንዴ፣ ቀድሞ በደረሰው። የጀልባ ቴርሞስታት በ62 ወይም በ71 ዲግሪ የሚከፈት ነው፤ የመኪና ወደ 90 ይጠጋል። ስለዚህ በዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ተንኖ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ሞተሩን ለአሥር ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ከክዳኑ ሥር ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ነገር ካዩ ውሃ አለ ማለት ነው። ሞላን በተመለከተ፣ እንደ እርስዎ ባለ የፋብሪካ ሞተር እኔ በ300 ሰዓት አስፈትሻለሁ። ከ5,000 ዙር በላይ የሚነዳ፣ ጉልበት የተጨመረበት ሞተር ከሆነ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ ይለካ፤ አይዘለልም።

እኛ አገር ውሃ ወደ በረዶ አይለወጥምና ጀልባን ለማቆም የሚዘጋጅ ሰው ጥቂት ነው። የእኛ የማቆሚያ ወራት ግን ክረምት ነው፤ የሚያዝገው በረዶ ሳይሆን እርጥበት ነው። ሰኔ ላይ ሞተሩን አሙቀው፣ የድሮውን ዘይት አውጥተው አዲስ ሞልተው፣ ጥቂት ያሠሩት። ሊያጠፉት ሲሉ ለዚሁ የተሠራውን የዘይት ርጭት በካርቡራተሩ በኩል ይስጡት፤ ቫልቮቹና መቀመጫዎቹ በዘይት ተሸፍነው ይከርማሉ። የጭስ ማውጫውን አፍ ይድፈኑት፣ መሪው ላይም “ማውጫው ተደፍኗል” የሚል ወረቀት ያንጠልጥሉ። የላንጋኖ ውሃ ሶዳ ያለበትና ደለል የበዛበት ስለሆነ ከዚያ በፊት የማቀዝቀዣውን መስመር በንጹሕ ውሃ ማጠብም ያስፈልጋል። በደለል የተዘጋ መስመር ቴስታታውን ያግላል፣ የጋለ ቴስታታም ቫልቩን መምሪያው ውስጥ ያስይዘዋል።

ሁሉም ተሠርቶ ሲያበቃ ሙከራው ላንጋኖ ላይ ይሁን፤ በተለመደው የነዳጅና የሰው ጭነት። ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ከ4,400 እስከ 4,800 ዙር ባለው ውስጥ መድረስ አለበት። ሐይቁ 1,580 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል በ17 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ሞላው አዲስ፣ ማስተካከሉም ትክክል ሆኖ 4,200 ላይ ከቆመ ቫልቩን እንደገና አይክፈቱት፤ የፕሮፔለሩ ፒች (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ርቀት) በዝቶበት ነው። አንድ ኢንች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምርልዎታል። ለአሁኑ ግን የ16ቱን ሞላዎች ልክ ከነቁጥራቸው፣ አየር ሲነፉም ከየትኛው ሲሊንደር በየት በኩል እንደወጣ ጽፈው ይላኩልኝ፤ ቴስታታው ይውረድ አይውረድ የምነግርዎት ያን አይቼ ነው።